«በማን ይታወቃል?» ይሉ የነበሩት ወይዘሮ ታደለች ጂግሶ

«እትዬ ታደለች፣ በእናትዎ ይተዉት። አንድ ገበሬ ነው!»

«አንድ ገበሬ ከሆነ የጽሑፍህን ሦስተኛ ክፍል ማን ሞላው?»

«እኔ ነኛ የጻፍኩት!»

«መጻፉንማ ጽፈሃል። ያወቀው ማን ነው? እሱን ነው የጠየቅኩህ።»

«ጆርናሉ እኮ ቦታ የለውም። ሰውየው መጽሐፍ አልጻፈ፣ መጣጥፍ አላሳተመ። ዓመቱ የለ፣ ገጹ የለ፣ አሳታሚው የለ። ምን አድርገው ነው ዝርዝር ውስጥ የሚከቱት?»

«የመክተቱን ነገር ለእኔ ተወው። አንተ ስሙን ከነአባቱ ንገረኝ።»

ታላቅ ወንድሜ ዮሴፍ ወደ ቦርሳው ጎንበስ አለ። ማስታወሻ ደብተሩን አወጣና ወደፊት ወደኋላ አገላበጠው። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መረጃ ሰጪ ዐሥራ አራት ነው የሚለው» አለ።

ወይዘሮ ታደለች መነጽራቸውን አውልቀው ኪቦርዱ ላይ አስቀመጡት። እሳቸው ዘንድ ይህ ሥራ ቆመ ማለት ነው።

«ቁጥር እንሰት አይተክልም፣ ዮሴፍ» አሉት።

ይህን የተናገሩት ሴት ዛሬ በመካከላችን የሉም። ወይዘሮ ታደለች ጂግሶ ለጥቂት ሳምንታት ታመው ከቆዩ በኋላ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ዲላ በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። በማግስቱ የቀብራቸው ሥነ ሥርዓት ሲፈጸም የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ፤ ስለ ሥራቸው የተነገረው «በጽሕፈት ሥራ ይተዳደሩ ነበር» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ሐሰት አይደለም። ግን ቀብሩ ላይ ከቆሙት ሰዎች መካከል ስንቱ በእሳቸው እጅ ያለፈ ወረቀት ይዞ መምህር፣ ባለሙያ፣ ኃላፊ እንደሆነ ዙሪያዬን እያየሁ ስቆጥር ተበሳጨሁ። ይህን የምጽፈው ስለዚህ ነው፤ ለምናውቃቸው ሁሉ።

ሥራቸውን በቅርብ ላላየ ሰው ላስረዳ። አንድ ተመራማሪ ጥናቱን ለጆርናል ሲልክ፣ የተጠቀመባቸውን ጽሑፎችና የጻፏቸውን ሰዎች በሙሉ መጨረሻው ላይ ይዘረዝራል። ማጣቀሻ የሚባለው ይህ ነው። አንዱ ጆርናል ዓመቱን በቅንፍ አድርጉልኝ ይላል፣ ሌላው ወደ መጨረሻ ውሰዱልኝ ይላል። አንዱ ርዕሱን አጋድሙልኝ ሲል ሌላው አቁሙልኝ ይላል። ሦስት ዓመት የተለፋበት ጥናት በዚህ ብቻ ሳይነበብ ይመለሳል። አብዛኛው ሰው ሥራውን እንደ ምስር ለቀማ ያየዋል፤ ፍላሹን ለእትዬ ታደለች ወርውሮ ምሳውን ሊበላ መሄድ ይፈልጋል። እሳቸው ግን አይለቁትም።

«የት ልትሄድ? ቁጭ በል፤ ስም እንጠራለን።»

ስም ጥሪ የራሳቸው አሠራር ነበር። ጽሑፉን ባለቤቱ ይይዛል፣ ዝርዝሩን እሳቸው ይይዛሉ። እንደ ክፍል ተጠሪ መምህር ከዝርዝሩ ላይ አንድ በአንድ ይጠራሉ፤ ባለቤቱ ስሙን ጽሑፉ ውስጥ ፈልጎ ሲያገኘው «አቤት» ማለት አለበት። «አለ» ቢል አይቀበሉትም። ጸጉራቸው የሸበተ ምሁራን በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው በሆላንድና በጃፓን ሰዎች ስም «አቤት» ሲሉ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቀን አንዱ ጎልማሳ መምህር ሳቁ አመለጠው።

«እትዬ፣ ይህ ሰውዬ እኮ ከሞተ ቆይቷል። ማን ነው አቤት የሚለው?»

«እሱ ስለማይችል እኮ ነው አንተ የምትልለት» አሉት። መምህሩ ሳቁን ዋጠና «አቤት» አለ።

አንድ አባባል ነበራቸው፤ እዚያች አንድ ክፍል ጽሕፈት ቤታቸው የገባ ሁሉ ያውቀዋል። «ጽሑፉ ውስጥ ኖሮ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ፣ የተዘረፈ ሰው ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ኖሮ ጽሑፉ ውስጥ የሌለ፣ ለጌጥ የተጠራ ሰው ነው። ሁለቱም ነውር ነው።»

ትምህርታቸውን ያቆሙት አሥረኛ ክፍል ላይ ነበር። በወጣትነታቸው በታይፕራይተር ጀምረው፣ ኮምፒዩተር ሲመጣ ማንም ሳያስተምራቸው ለመዱት። «እንግሊዝኛዬ የማጣቀሻ ነው» እያሉ በራሳቸው ይቀልዱ ነበር፤ «ከነጥብና ከሰረዝ ያለፈ ወሬ አላውቅበትም።» በአገራችን ሰዎች ስም ጉዳይ ግን ከጆርናሎቹ ጋር ጸብ ነበራቸው። ጆርናሎቹ የቤተሰብ ስም ይቅደም ስለሚሉ፣ ኮምፒዩተሩም አባትን አስቀድሞ ልጁን በአንድ ፊደል ያስቀረዋል። የወንድሜን ጽሑፍ ያየሁት ጊዜ የእኛም አባት በዮሴፍ ፈንታ ተሰልፏል። እትዬ ታደለች ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው «ኃይሉ? ኃይሉን አውቀዋለሁ፣ አናጢ ነበር። ስለ አፈር መሸርሸር መቼ ጻፈ?» አሉ። አባቴ ቢሰማው ያን ያህል የሚያስቀው ነገር ከሞተ በኋላ ሰምቼ አላውቅም።

ደግነታቸውን ሳነሳ ከገደብ ከተማ የመጣች አንዲት ልጅ ትመጣብኛለች። የመመረቂያ ጽሑፏ ያለበትን ፍላሽ ቫይረስ በልቶባት እያለቀሰች ገባች። እትዬ ታደለች ካስተካከሉት ዝርዝር ሁሉ አንድ አንድ ቅጂ አትመው በእንሰት ቃጫ አስረው ያስቀምጡ ስለነበር፣ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ማጣቀሻ ከመደርደሪያው ላይ አወረዱላት። የመጨረሻው ምዕራፍ ግን አልነበረም። ሦስት ቀን አብረዋት ቁጭ አሉ፤ ልጅቷ የምታስታውሰውን ትናገራለች፣ እሳቸው ይፈልጋሉ። መብራት ሲጠፋ ወረቀቱን ይዘው ወደ በረንዳው ይወጣሉ። ምሳዋን ከጎን ካለው ሻይ ቤት ያስመጡላታል። ሲያልቅ ልጅቷ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል «ተነሺ፣ ተነሺ! ይልቅ ዕቃሽን ሦስት ቦታ እንዴት እንደምታስቀምጪ ላሳይሽ» ብለው አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማሯት።

እኔን ያወቁኝ በግጥም ነው። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤት አልሄድኩም፤ ግጥምን የተማርኩት ከሬዲዮ፣ ከተዋስኳቸው መጻሕፍትና ከሰው አፍ ነው። ሠላሳ ግጥም የያዘ ደብተር ይዤ ሄድኩ፤ እንዲጽፉልኝ። ፈጣን ነበሩ፤ ጣቶቻቸው የሚያነቡትን አያስጠብቁም። ድንገት ቆሙ።

«አንቺ ገጣሚት፣ ይቺ ስንኝ ያንቺ ናት?»

«ጥላውን ትቶልኝ ፀሐይ ይዞ ሄደ» የምትል ስንኝ ነበረች።

«አዎ» አልኩ።

«ሌሎቹ ስንኞችሽ ሁሉ ይሮጣሉ። ይቺ ብቻ ቀስ ብላ ትራመዳለች። የማን ናት?»

ፊቴ ጋለ። ገበያ ውስጥ አቮካዶ የሚሸጡ አንዲት እናት ስለሞተ ልጃቸው ሲናገሩ ሰምቼ የወሰድኳት ነበረች። ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። «ሂጂና ስማቸውን ጠይቀሽ ነይ» አሉ፤ ማተሙንም አቆሙት። ሄድኩ። እናቲቱ መጀመሪያ የቀበሌ ሰው መሰልኳቸውና ደነገጡ፤ ኋላ ነገሩ ሲገባቸው ግጥሙን እዚያው አቮካዶው መሀል አስነበቡኝ፤ አለቀሱ፤ ስማቸውንም ሰጡኝ። ዛሬ ያ ግጥም ሲነበብ ከሥሩ የእሳቸው ስም አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከሰው አፍ የወሰድኩትን ቃል የእኔ ነው ብዬ አላውቅም። ግጥሞቼ ያነሱ መስሎኝ ነበር፤ አላነሱም።

አሁን ወደ ወንድሜ ጉዳይ ልመለስ፤ ምክንያቱም እትዬ ታደለችን በሙሉ ቁመታቸው ያየኋቸው ያኔ ነው።

ዮሴፍ ጥናቱን የሠራው በጌዴኦ ገበሬዎች ማሳ ላይ ነው፤ ዛፍ ከላይ፣ እንሰትና ቡና ከሥር አብረው እንዴት እንደሚኖሩ ነው የመረመረው። የጽሑፉ ጉልበት ሦስተኛው ክፍል ነበር። እዚያ ላይ የጥላ ዛፍ መቼ እንደሚመለመል የሚናገረው ቡናው ሳይሆን እንሰቱ እንደሆነ ጽፏል፤ የእንሰቱ ቅጠል ቀጥኖ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ሲሳብ፣ ያኔ ከዛፉ ላይ ቅርንጫፍ ይቀነሳል። ወንድሜ ይህን በመሣሪያ ለክቶ እውነት ሆኖ አግኝቶታል። የነገረው ግን ኮንጋ በምትባል መንደር የሚኖር ገበሬ ነበር፤ ዮሴፍ ደግሞ የጻፈው «በአካባቢው እንደሚታወቀው» ብሎ ነው። እትዬ ታደለች ከዚህ ሐረግ ሥር በእርሳስ አስምረው ጠርዙ ላይ ሁለት ቃል ጽፈዋል፤ «በማን ይታወቃል?»

ሥራው የቆመበት ቀን ረቡዕ ነበር። ጽሑፉ ለጆርናሉ የሚላክበት የመጨረሻ ቀን ዐርብ ነው። የዮሴፍ የዶክትሬት ትምህርት ሁለት ጊዜ ተራዝሞለታል፤ ሦስተኛ የለም። ይህ ጽሑፍ ካልወጣለት ስድስት ዓመቱ ባዶ ሊቀር ነው። ስለዚህ ድምፁን ከፍ ማድረጉ አይፈረድበትም። መነጽሩ ኪቦርዱ ላይ እንደተቀመጠ ሌላ መከራከሪያ አመጣ።

«ስም መደበቅ እኮ የጥናት ሥነ ምግባር ነው፣ እትዬ። በቁጥር የጻፍኩት ለሰውየው ጥበቃ ብዬ ነው።»

«ስሜን ደብቅልኝ ብሎሃል?»

«አይ... አልጠየቅኩትም።»

«እንግዲያው የጠበቅከው ራስህን ነው። ነገ ጠዋት ኮንጋ እንሄዳለን፤ እንጠይቀዋለን።»

«ዐርብ እኮ ነው የመጨረሻው ቀን!»

«ነገ ሐሙስ ነው።»

«አልሄድም ብልስ?»

«ሌላ ቤት ትወስደዋለህ። ዲላ ውስጥ ኮምፒዩተር ሞልቷል። እኔ ግን የተዘለለ ሰው እንዳለ እያወቅኩ ዝርዝር አልዘጋም።»

ዮሴፍ ፍላሹን መንጭቆ ወጣ። እኔ በሁለቱ መካከል ቆሜ ማንን እንደምከተል ጠፋኝ። እትዬ ታደለች ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ እኔ ዞረው «ነገ ትመጫለሽ? አንቺ ጆሮ አለሽ፤ ሰውየው የሚለውን ትይዢልኛለሽ» አሉ።

በማግስቱ መናኸሪያ ስንደርስ ዮሴፍ ቀድሞን ቆሟል። ሌላ ኮምፒዩተር ቤት ሄዶ እንደነበር ኋላ ላይ ነግሮኛል። «በየትኛው ስታይል?» ብለው ብቻ ጠየቁት፤ በሃያ ደቂቃ እንጨርስልሃለን አሉት። «ማንም ምንም አልጠየቀኝም» አለኝ፤ «እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።»

ሚኒባሱ ውስጥ እትዬ ታደለች ስለ አባታቸው አወሩን። አባታቸው ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገር በሚያዩበት በሶንጎ ውስጥ ይቀመጡ የነበሩ ሰው ናቸው። «አባቴ ሶንጎ ላይ ሲናገር መጀመሪያ የሚጠራው የሰማበትን ሰው ነው» አሉ። «"ይህን ከእገሌ ሰማሁ፣ እገሌ ከእገሌ ሰማ" ይላል፤ ከዚያ ነው ወደ ነገሩ የሚገባው። ሕፃን ሆኜ ይሰለቸኝ ነበር። ለምን ቶሎ አይናገርም እል ነበር። ታይፒስት ሆኜ ከውጭ የመጣ የጥናት ጽሑፍ መጀመሪያ የተየብኩ ቀን፣ መጨረሻው ላይ ያን ሁሉ ስም ተደርድሮ ሳይ፣ "ኧረ እነዚህም ሶንጎ አላቸው!" አልኩ።» ዮሴፍ በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር፤ ግን ይሰማል።

ከይርጋጨፌ በኋላ ሞተር ሳይክል ያዝን። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እትዬ ታደለች ፕላስቲክ ማህደራቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ከሞተረኛው ጀርባ በጎን ተቀመጡ። ሞተረኛው «እማማ፣ አጥብቀው ይያዙኝ» ቢላቸው «አንተ መንገዱን ያዝ፤ እኔ ወረቀቱን ይዣለሁ» አሉት።

ሰውየውን ማሳቸው ውስጥ አገኘናቸው። ዮሴፍን ሲያዩ «አንተ የሜትር ልጅ፣ መጣህ?» ብለው ሳቁ፤ ያኔ ሜትር ይዞ ዛፍ ሲለካ ስለነበር ነው። ስማቸው አቶ ሎኮ ዳካ ነው። ወንድሜ ይህን ስም ከራሳቸው አፍ ሲሰማ ወዲያው ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ፤ አንገቱን እንደደፋ ነበር።

እትዬ ታደለች በጌዴኦኛ ጉዳዩን አስረዱ። ከዚያ ዮሴፍ ራሱ እንዲጠይቅ በአገጫቸው ጠቆሙት።

«አባባ ሎኮ፣ የነገሩኝን ጽፌዋለሁ። ስምዎ ይጻፍ ወይስ ይደበቅ?»

«ስሜ ለምን ይደበቃል? በግ ሰረቅኩ እንዴ?»

እትዬ ታደለች ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ።

«እሺ፣ እንግዲያው በስምዎ እጽፋለሁ» አለ ዮሴፍ፤ ደብተሩን ለመዝጋት ቸኩሎ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ አቶ ሎኮ፣ ወንድና ሴት በማይለይ አማርኛቸው። «በእኔ ስም ብቻ አትጻፍ። እኔ አይደለም ያወቀው። እኔ ከአጎቴ ከሻሎ ሰማሁ። ሻሎ ደግሞ ከአማቱ ነው የሰማ።»

«ከአማቱ?»

«ከሚስቱ እናት። ዳሜ ይባላል። ሴትዮዋ ነው ይህን ያወቀው። ወንድ ዛፍ ያያል፣ ቡና ያያል። እንሰት ከሴት እጅ ነው የሚውል። ቅጠሉ ሲቀጥን ሴት ካላየ ማን ያያል?»

ወንድሜ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ። ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ እኒህ ሰው እሱ ሊጥለው የፈለገውን ነገር ራሳቸው ይሠሩ ነበር፤ ያውም የራሳቸውን ድርሻ እያሳነሱ።

«የዳሜ አባት ማን ይባላሉ?» አለ፤ በጣም ቀስ ብሎ።

አቶ ሎኮ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አላውቅም። የወርቃ ሴት ነው። ከወርቃ አምጥተው ነው እዚህ የዳሩት። አባቱን የሚያውቅ ሰው አሁን የለም።»

ዮሴፍ ወደ እትዬ ታደለች ዞረ። «የአባት ስም ከሌለ...?»

«የሌለውን የለም ብለን እንጽፋለን» አሉ። «አንፈጥርም፣ አንጥልም።»

ዐርብ ዕለት ሥራው ገና ከጠዋቱ ተጀመረ። «በአካባቢው እንደሚታወቀው» የሚለው ተሰረዘ። በምትኩ ወንድሜ፣ ይህን ዕውቀት የኮንጋው አቶ ሎኮ ዳካ እንደነገሩት፣ እሳቸው ከአጎታቸው ከሻሎ፣ ሻሎ ደግሞ የአባታቸው ስም ካልታወቀው ከወርቃዋ ከዳሜ እንደሰሙት ጻፈ። የጆርናሉ መመሪያ ቃለ መጠይቅን ዝርዝር ውስጥ አይቀበልም፤ ጽሑፉ ውስጥ ግን ሙሉ ስምና ቦታ ማስገባት ይፈቅዳል። እትዬ ታደለች መመሪያውን ሦስት ጊዜ አንብበው ነው ይህን ቀዳዳ ያገኙት። «እልፍኝ ካላስገቡን ሳሎን እንቀመጣለን» አሉ፤ «ዋናው ቤቱ ውስጥ መሆናችን ነው።» ለአዘጋጁም አጭር ደብዳቤ አስጻፉት፤ እነዚህ ስሞች በስህተት የገቡ እንዳይመስሉት፣ አሳጥሮ እንዳይጥላቸው።

ከዚያ ስም ጥሪ ሆነ። ዮሴፍ በፕላስቲኩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የውጭዎቹ ሰዎች አለፉ፣ የአገር ውስጦቹ በራሳቸው ስም፣ በአባታቸው ሳይጋረዱ አለፉ። መጨረሻ ላይ እሳቸው ዝርዝሩ ያልያዛቸውንም ድምፃቸውን ሳይለውጡ ጠሩ፣

«ሎኮ ዳካ!»

«አቤት!»

«ሻሎ!»

«አቤት!»

«ዳሜ፣ የወርቃ!»

ወንድሜ ጣቱን ስሙ ላይ አሳረፈ። «አቤት» ሲል ድምፁ ተሰብሯል። እኔ መስኮቱ አጠገብ ነበርኩ። ብዙ ግጥም ሰምቻለሁ፤ የዚያን ቀኑን «አቤት» የሚያህል ስንኝ ግን አልሰማሁም።

ጽሑፉ ተላከ። ወራት አለፉ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ሌላውን ሁሉ ተችቶ ሦስተኛውን ክፍል፣ የዕውቀቱን ምንጭ በግልጽ ስላስቀመጠ አመስግኖ ጻፈ። ተቀባይነት አገኘ። ወንድሜ ዛሬ ዶክተር ዮሴፍ ነው። የታተመውን ጽሑፍ አቶ ሎኮ ዘንድ ወስዶ ስማቸውን በጣቱ እያሳየ አነበበላቸው፤ እሳቸው ደግሞ ጎረቤት ጠርተው የዳሜን ስም ደግሞ እንዲያነብ አዘዙት። አሁን ተማሪዎቹን ወደ ገጠር ሲልክ መጀመሪያ የሚጠይቃቸው ስለ ዛፉ ቁጥር አይደለም። ከእነማን ጋር እንደተነጋገሩ ነው።

እኛ የዲላ ሰዎች ብዙ የምንኮራበት ነገር አለን። እኔ ከዚያ ሁሉ ላይ አንድ ክፍል ቤት እጨምራለሁ፤ አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርታቸውን ያቆሙ አንዲት ሴት፣ የተማረውን ሰው የሰማበትን እንዲናገር ያስተማሩበትን ቤት።

እትዬ ታደለች፣

ከእንግዲህ የምናገረው ለእርስዎ ነው። ካረፉ በኋላ መደርደሪያዎን ስናስተካክል፣ በቃጫ ከታሰሩት ወረቀቶች መካከል ብዙ ሰዎች «ምስጋና» በሚለው ገጽ ላይ ስምዎን አስገብተው እንደነበር አየን። ባየናቸው ሁሉ ላይ በእርሳስ ሰርዘውታል። እነዚያ ሲታተሙም አንዱም ላይ ስምዎ የለም። ይህን ያህል ሰው ሲያስጠሩ ኖረው ራስዎን ከዝርዝሩ ያወጡ ነበር። ያን ሳይ አዘንኩም ኮራሁም፤ የቱ እንደበለጠ ዛሬም አላውቅም።

ግን አንድ ቀን አስታወስኩ። የዮሴፍ ጽሑፍ የመጨረሻው ረቂቅ ለእርማት ከጆርናሉ ሲመጣ ጉንፋን ይዞዎት ነበር፤ እንደምንም መጥተው ወንበርዎ ላይ ተቀመጡ። ገጽ በገጽ አዩት። ምስጋናው ጋ ደረሱና እርሳስዎን አነሱ።

«ይህ ይውጣ» አሉት።

«አይወጣም፣ እትዬ» አለዎት ወንድሜ።

«እኔ ያሉትን ደረደርኩ እንጂ ምን ጨመርኩ?»

«ያሉትን እንዳልጥል ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት። ከማን ተማርክ ብለው ቢጠይቁኝ ምን ልበል? በአካባቢው ይታወቃል ልበል?»

እርሳሱን ስምዎ ላይ አደረሱት። ከዚያ ሳያስምሩበት ጠረጴዛው ላይ አስተኙት። ተነሡ፣ ነጠላዎን ትከሻዎ ላይ አደረጉ፣ አንዳችንንም ሳያዩ «እንግዲህ ላከው» አሉና ወጡ።

ደህና ይሁኑ፣ እትዬ ታደለች። ያን ቀን ተመልሰው የሚሰርዙት መስሎኝ ረጅም ጊዜ ወደ በሩ አየሁ። በሩ ከኋላዎ ቀስ ብሎ ተዘጋ፤ እርምጃዎ በረንዳው ላይ ተሰማ፣ ራቀ።